ጣሪያውን ደግፋ

አዲሱን የጣሪያ ጨርቅ በማስቲሽ ለጥፋ፣ እስኪይዝ ድረስ በሁለት እጇና በአናቷ ደግፋ ቆመች። የሟች አባቷ ጀልባ ክፍል እንደ ምድጃ ግሎ ነበር። አንገቷ ዝሎ፣ ላቧ ዓይኗን ይለበልባት ነበር። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልለቅም» አለች በሆዷ።

ታላቅ ወንድሟ አጎንብሶ ገባ። «ለብቻሽ አትችይውም አላልኩሽም? በይ ውጪ፣ ገዢው መጥቷል።»

«ይሂድ። እኔ ጀልባው ይሸጥ አላልኩም።»

«እልኸኛ!» አለና ሊወጣ ዞረ። ያኔ ነው ከበሩ በላይ ያለው የጨርቁ ጥግ ቀስ እያለ ሲላቀቅ ያየው። ጥቂት አመነታ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ መላጣውን ከጨርቁ ሥር ሸጎጠ።

«አባባ ሲለጥፍም ጨርቁን የምታረግቢው አንቺ ነበርሽ» አለ እያጉረመረመ።

ሳቋን ዋጠች፤ ብትስቅ ጨርቁ ይወርዳል።

ገዢው ከውጭ ተጣራ። ወንድሟ ሳይነቃነቅ ጮኸ፦ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አንሸጥም! ጣሪያ ይዘናል!»