የሰርጉ ጋን

«ሸፈን በይ አንቺ! ሙሽራ ሆነሽ ፊትሽን አታሳዪያቸው» ይላሉ እትዬ ይርገዱ፣ ነጠላዬን ጎትተው እስከ አፍንጫዬ እያወረዱ። የሚሸፍኑኝ ከእናቴ ዓይን ነው።

እሳቸው ይህን አያውቁም። የማገባው ልጃቸውም አያውቅም። «እናትሽስ?» ሲለኝ «ሞታለች» ያልኩት እኔ ነኝ። ቡዳ የሚሏት የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኔ ከተሰማ ሰርግ የሚባል ነገር የለም።

ከቢቸና ስንነሳ ሞጣ ገበያ ደርሰን ልንመለስ ነበር። እትዬ ይርገዱ ግን የገበያውን ጋን ሁሉ አንኳኩተው አንዱንም አልወደዱ። በፕላስቲክ በርሜል የተጠመቀ ጠላ ደግሞ ለልጃቸው ሰርግ አይታሰብም። «ጥሩ ጋን ከፈለጉ ተራራው ላይ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ይውጡ» አላቸው አንዱ፤ ምላሱን ይቁረጠውና! መኪናው ወደ ተወለድኩበት ሰፈር ዳገቱን ወጣ። ከስድስቱ ቤት የእኛን መረጡ።

ከመኪናው ስወርድ እናቴ አንዴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ከጭቃው አልተነሳም። ከተያየን አራት ዓመታችን ነው።

«ይሄኛውስ?» ይላሉ እትዬ ይርገዱ።

«እሱ ጎኑ ደካማ ነው፤ ያንን ይውሰዱ እመቤቴ። ለሰርግ ነው መሰል?»

«ለልጄ። እቺ ናት ሙሽራዋ፤ ደሞ እንዳታዪያት!» ቀልድ አስመስለው ይስቃሉ፤ ወደ እኔ ዞረው ግን እትፍ እትፍ ይሉብኛል።

«ኧረ አላያትም እመቤቴ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አልተቆጣችም፤ የለመደችው ነገር ነው። ሰርጌ ላይ ከእሷ ጋን የማይጠጣ አይኖርም። እሷን ግን ከደጅ የሚያሳልፋት የለም፤ እኔም ጭምር።

«ጋኑ በደንብ መሟሸት አለበት» ትላለች ግድግዳውን እያየች። «ቀን ይፈልጋል። ሰርጉ መቼ ነው?»

ጋን ማሟሸት እትዬ ይርገዱን የሚያስተምራቸው የለም፤ እናቴም ይህን አታጣውም። የጠየቀችው የሰርጌን ቀን ለማወቅ ነው።

«ጥር ሃያ አራት፣ እሁድ።»

«ጥር ሃያ አራት» ትላለች ቀስ ብላ። «ደህና። ይደርሳል።»

ሾፌሩ ጋኑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ትቀድመዋለች። ዓይኗን ጨፍና፣ በጭቃ እጇ የጋኑን ሆድ ዙሪያውን ትዳብሳለች። ስንጥቅ የምትፈልግ ትመስላለች። ልጅ ሆኜ ሲያመኝ ጀርባዬን የምትዳብሰኝ እንዲህ ነበር።

«በይ እንሂድ» ይላሉ እትዬ ይርገዱ፣ ክንዴን ይዘው። ስራመድ ነጠላዬ ከፊቴ ይንሸራተታል። በገዛ እጄ ሳብ አድርጌ እመልሰዋለሁ።