የሦስት መስመር መመሪያ

የፕሮግራሙ መጫኛ መመሪያ ሦስት መስመር ብቻ ነበር። የመጨረሻው መስመር «በቃ፣ ይኸው ነው!» ይላል።

ፕሮግራመሯ ጠዋት እንደገባች የድርጅቱ ደንበኞች መረጃ ያለበትን ሰርቨር ከወንበሯ ሳትነሳ በርቀት ገብታ አየችው፤ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት እንኳ ሳትዘጋ ወደዚህ ጣጣ ገባች።

አለቃዋ ቁርጡን ነግሯታል። ፕሮግራሙ ከምሳ በፊት ላፕቶፗ ላይ ካልሠራ አዲሱ ሥራ ለአንጋፋው ባልደረባዋ ለጋሼ ይሰጣል። እሷ ደግሞ ይህን ሥራ ዓመቱን ሙሉ ስትለምን የኖረች ናት።

የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ጻፈች። «ሲስተሙ አሮጌ ነው» የሚል መልስ መጣ።

«የምን አሮጌ? ትናንት ከካርቶን የወጣ ላፕቶፕ!»

ደገመችው። አሁን ደግሞ «ቦታ የለም» አላት።

«ባዶውን ላፕቶፕ ሞልቷል ይለኛል እንዴ! የዚህ መመሪያ ጸሐፊ እጄ ላይ በወደቀ!»

ጋሼ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንገታቸውን አሰገጉ። «አንቺ ልጅ፣ መጥቼ ልይልሽ?»

«እዚያው ይቀመጡ፣ ጋሼ! ዛሬ ወይ እሱ ወይ እኔ!»

«እሺ፣ ተረጋግተሽ አንብቢው።»

«ምኑን ላንብበው? ሦስት መስመር ጽፎ ሁለቱ ሰላምታ ነው!»

መካከለኛው መስመር «አስቀድመው የቆየውን ያጽዱ፤ ከዚያ ይጫኑ» ይላል። የቱን? በምን? እሱን ለአንባቢው ትቶታል።

ጥርሷን ነከሰች። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ምን የሚያሳሳ ነገር አለ? ያገኘችውን ሁሉ ጠራርጋ አጠፋች። «እርግጠኛ ነዎት?» ሲላት «እንዴታ!» ብላ ቁልፉን መታችው። የጎደለውን ከራሷ እየፈጠረች፣ በአንድ በኩል እምቢ ሲላት በሌላ በኩል እየገባች ታገለችው። ኮሪደሩ ላይ ስልክ ይጮኻል፤ የሚያነሳው ጠፍቷል።

በመጨረሻ «ተጭኗል» የሚል ወጣ። የፕሮግራሙን ስም ጽፋ ሞከረችው። ሠራ።

ከወንበሯ ብድግ አለች። «አሸነፍኩት! መመሪያው ቀርቶ ጸሐፊው ራሱ ቢመጣ አያስቆመኝም!»

ጋሼ እንኳ አጨበጨቡላት። ከደስታዋ የተነሳ እንባ እንባ አላት።

ስልኩን ያነሳው ባልደረባቸው በሩ ላይ ብቅ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የደንበኞቹ ሰርቨር ላይ የነበረው ሁሉ ተጠርጓል» አለ። «ያለው አንድ የማናውቀው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ እሱ ግን በደንብ ይሠራል።»