ደረቅ ዋንዛ

አናጺው ለአንዲት ሴትዮ «ሦስት ዓመት የደረቀ ዋንዛ ነው» ብሎ የሸጠላት ቁም ሣጥን፣ ክረምቱ ሳይጋመስ ግርጌው ላይ እንጉዳይ አበቀለ። ጠርታ ብታሳየው፣ «እርጥቡ ቤትሽ ነው እንጂ የእኔ እንጨት አይደለም!» ብሎ ተቆጣት።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። አናጺው እሷው ቤት ውስጥ፣ በሁለት ሽማግሌዎች ፊት ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ «ደረቅ ዋንዛ ካልሆነ ይህች እጄ ትድረቅ!» አለ። ሽማግሌዎቹም ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር፣ «ከማለማ ምን ይደረጋል? በሉ ይቅር ተባባሉ» ብለው ፈረዱ።

ሴትዮዋ እሺ ብላ የእርቁን ምሳ አቀረበችና አናጺውን አስቀድማ አጎረሰችው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ደገመችው።

«እጅሽ ይባረክ! የምን ወጥ ነው?»

«የእንጉዳይ።»

«ከየት አገኘሽው?»

«ከዚያ» አለች፣ በአገጯ ወደ ቁም ሣጥኑ እያመለከተች።

የሽማግሌዎቹ እጅ ወደ ገበታው እንደተዘረጋ ቀረ። አናጺው ጉሮሮውን ያዘ።

«ምነው ጋሼ? እናቴ ‹ዋንዛ ላይ የበቀለ እንጉዳይ ሰው አይጎዳም› ትል ነበር።»

«የምን ዋንዛ!» ብሎ ጮኸ። «ባሕር ዛፍ ነው! ያውም በተቆረጠ በሳምንቱ የሠራሁት እርጥብ ባሕር ዛፍ! ኧረ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ!»

ሴትዮዋ ረጋ ብላ ከዚያው ወጥ ጠቀለለችና ጎረሰች።

«ብሉ እንጂ አባቶቼ» አለች ሽማግሌዎቹን። «ከገበያ የገዛሁት ነው። የቁም ሣጥኑንማ ለምስክርነት ብዬ አልነካሁትም።»