የአቶ ደምሰው ጓጉንቸር

«ስሙኝማ! የሰፈራችን ሰው ሆይ፣ ከባድ ነገር ደርሷል! የአቶ ደምሰው ጓጉንቸር ጠፍቷል!»

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ለሞት እንጂ ለዕቃ ለፍፎ አያውቅም። አቶ ደምሰው እሁድ ጠዋት መጥተው ሲለምኑት ግን ሳያንገራግር እሺ ብሏል።

«ምልክቱ ምንድን ነው ጋሼ? ያለ ምልክት ማን ይመልሳል?»

«ጥቁር ነው። የጓሮዋን ክፍል የምቆልፍበት ነው፤ ዕቃ አለኝ። በል ቶሎ ንፋ፣ ሠርግ ተጠርቻለሁ፤ ሳልቆልፍ የትም አልሄድ።»

የጡሩምባ ነፊው ቤት ከዚያች ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ዕቃው ሲያስል ይሰማል። ዕቃው ውሃ ሲለምንም ይሰማል። ሁለት ጊዜ ለእድሩ ሽማግሌዎች ቢናገር «የሰው ገመና ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ» ብለው መልሰውታል።

ሰው ሁሉ ማን ሞተ እያለ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከየደጁ ወጣ። መንገዱ ሲሞላ ጡሩምባው እንደገና ተነፋ።

«ምልክቱ! ጥቁር ነው! የሚንጠለጠለው ከውጭ ነው! ከውስጥ ያለችው እህታቸው ብርነሽ ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው፣ ዓይኗ አያይም! ለጊዜው በሩ የታሰረው በሽቦ ስለሆነ ፒንሳ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ!»

ሴቶቹ ቀድመው ወደ ጓሮው ሮጡ። ሽማግሌዎቹም መሬት መሬት እያዩ ተከተሉ። አቶ ደምሰው የጡሩምባ ነፊውን ኮሌታ ጨምድደው ያዙ።

«ማነው ይህን በል ያለህ? ተናገር እንጂ!»

«አልናገርም፤ የሰው ገመና ነው።»