የማንያዘዋል ማመልከቻ

«እምየ፣ እዚች ላይ ፈርሚልኝ» አለ ማንያዘዋል፣ ማመልከቻውን ለአያቱ እየሰጠ። በሕክምና ተመርቆ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ቢመድቡት፣ ደባርቅ አስቀሩኝ ማለቱ ነበር። የዚያን መንገድ ገደል እያሰቡ እንቅልፍ ያጡት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«‹አያቴ የልብ ሕመምተኛ ናቸው።› እኔ? በስመ አብ!»

«ለወጉ ነው፣ እምየ።»

«‹የተመደብኩበት ቦታ ሐኪም ስለሌለ፣ ይዣቸው መሄድ አልችልም።›» ቀና ብለው አዩት። «ታዲያ አንተ ምን ልትሆን ነበር የምትሄደው?»

«ኧረ ተይኝ! እዚያ ደግሞ ሰው ይኖራል?»

እዚያ የእናታቸው ልጅ ሸጊቱ ትኖር ነበር፤ እግሯ አብጦ፣ መንገደኛውን ሁሉ «ሐኪም መጣልን?» እያለች።

«አይኖርም» አሉና ፈረሙለት።