ታጥቦ የመጣ ፊልም

የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ተሬፋ በወጣትነቱ ፊልም ላይ መታየቱን በአምቦ የማያውቅ አልነበረም። ቼኮዝሎቫኪያ ሲማር የጠፈር ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ጥቁር ተማሪዎች ፈልገው እሱንም ወሰዱት። በፊልሙ ላይ ምድር ልትጠፋ ስትል፣ ከየአገሩ የተውጣጣ ሕዝብ አንድ ትልቅ መንኮራኩር እስኪወርድ ቆሞ ይጠብቃል። ተሬፋ ከሕዝቡ አንዱ ነው።

ትምህርቱን ጨርሶ በተመለሰ በዓመቱ ነርሷን ድንቅቱን አገባ። ለንሳን ወለዱ፤ ሌላ አልደገሙም። ደርግ ከወደቀ በኋላ አብሮት የተማረ ጓደኛው የፊልሙን ካሴት ላከለት።

ካሴቱ አሮጌ ነው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ በየመሀሉ መስመር ይገባበታል። ተሬፋ የሚታየው ከስክሪኑ ጠርዝ ሲሆን፣ እሱም ግማሽ ፊትና አንድ ትከሻ ብቻ ነው። ድንቅቱ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ዴኩን ከፍታ፣ ይኸው እሱ ነው ማለት ትወድ ነበር። ብዙው ሰው አመናት። የቢሮ ባልደረባውና ጎረቤቱ ሥዩም ብቻ፣ ያ ጥላ ግማሹን የአምቦ ሰው ይመስላል እያለ ያፌዝ ነበር።

በሚሊኒየሙ ዓመት ለፋሲካ ለንሳ ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ለአባቷ ስጦታ ይዛ መጣች። ያው ፊልም ነው፣ በዲቪዲ። ከዋናው ቅጂ ላይ እንደ አዲስ አጥበው፣ የደበዘዘ ቀለሙን መልሰው እንዳወጡት ነገረቻቸው። የካሴቱ ምስል ለቴሌቪዥን እንዲመች ግራና ቀኙ ተቆርጦ ነበር፤ ይሄኛው ሙሉ ነው።

«አሁን የግንባርህ ላብ ሳይቀር ሊታየን ነው፣ አባኮ» አለችው።

ተሬፋ ሽፋኑን ገለባብጦ አየው። «ካሴቱ ምን ጎደለው?» አለ።

ድንቅቱ ድምፁን አልወደደችውም።

በዚያ ቀን መብራቱ ይዋዥቃል፣ ማጫወቻውን ያቃጥለዋል ብሎ አስቀረው። በማግስቱ ራሴን አመመኝ አለ። ከዚያ ዲቪዲው ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ። ለንሳ ቤቱን ስታተራምስ ዋለች። ያገኘችው ግን ድንቅቱ ናት፤ ተሬፋ ወንጪ ፈረሶች ሊከትብ ሲሄድ በሚይዘው ቦርሳ ውስጥ፣ በዝናብ ልብሱ ተጠቅልሎ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ፊልሙ ላይ ያለው ሰው ተሬፋ አይደለም ማለት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በገዛ ሳሎኗ በሐሰት ስትመሰክር ኖራለች። ይባስ ብሎ ተሬፋ በቤተ ክርስቲያናቸው ለሽማግሌነት ታጭቶ፣ ምእመኑ ሊያጸድቀው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ለአንዲት ፊልም የዋሸ ሰው ከእንግዲህ በምን ይታመናል? ሥዩም ይህን ቢሰማ ገበያ ላይ ነው የሚያሰጣው።

መጀመሪያ ተናደደች። እየቆየች ሲሄድ አዘነችለት። አንድ ወጣት ከውጭ አገር መጥቶ ሰዎች ፊት አንዲት ነገር ተናገረ፤ የተናገራትን መመለስ አቃተው። ከዚህ ሌላ ምን በደለ? ዲቪዲውን ለሁለት ሰበረችና ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ለለንሳ ሳጸዳ ወድቆ ተሰበረብኝ አለቻት። መዋሸት አልለመደችምና ምላሷ ከብዷት ነበር።

ተሬፋ ከወንጪ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ሰብሬ ጥዬዋለሁ» አለችው። «ከእንግዲህ ማንም አያየውም።»

የጫማውን ማሰሪያ መፍታት አቆመ። «አይተሽው ነበር?»

«አላየሁትም። ግን ገብቶኛል። ሰው በወጣትነቱ ብዙ ነገር ያደርጋል። ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ሳታዪው?»

«ሳላየው።»

እጇን ሳብ አድርጎ ግንባሩን አስደገፈበት።

እሑድ ከጸሎት መልስ ሥዩም ኦቦ ኡርጌን አስከትሎ መጣ። ኦቦ ኡርጌ የሽማግሌዎቹ ሁሉ ታላቅ ናቸው። ሥዩም በላስቲክ የተሸፈነ ዲቪዲ ይዟል። ለንሳ በመጣች ዕለት ለአንድ ሰዓት ተውሷት፣ ቪዲዮ ቤት ወስዶ አስቀድቶት ኖሯል። የእናንተው ተሰበረ ሲባል ሰምቼ ነው፤ እኔም ገና አላየሁት አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ለንሳ በደስታ ተቀብላው ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው። ድንቅቱ መጀመሪያ ምሳ ይቅረብ አለች፤ የሰማት የለም። ተሬፋ ወደ በሩ ሲያመራ ኦቦ ኡርጌ ክንዱን ያዙት።

«ታኢ፣ ዶክተር» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት።

ምስሉ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ሰማዩ ቀላ፤ ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው፤ መንኮራኩሩ ደመናውን ሰንጥቆ መውረድ ጀመረ። ድንቅቱ ዓይኗን ጨፈነች። አምላኬ፣ አሁን መብራት አጥፋ ብላ ጸለየች።

ከዚያ ኦቦ ኡርጌ ሲያጨበጭቡ ሰማች።

ዓይኗን ገለጠች። ተሬፋ ነው። ጎፈሬው፣ ሰፊ ግንባሩ፣ ከንፈሩን የሚነክስበት ልማዱ፤ ራሱ ተሬፋ ነው። ስትጠራጠረው መሰንበቷ አሳፈራት፤ ደስታው ደግሞ ዕንባዋን አመጣው። ሥዩምን ቀና ብላ አየችው። ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ ግን ቴሌቪዥኑን አያይም ነበር፤ የሚያየው እሷን ነው።

ለንሳ በሪሞት ምስሉን አቆመችው።

ሥዩም መሸነፉን በሳቅ አምኖ ተነሣና ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ጣቱን ካሴቱ ላይ ወዳልነበረው ዳር ሰደደ፤ በተሬፋ ክንድ ላይ ሆና አንገቱን ወዳቀፈችው ትንሽ ልጅ። ልጅቷን አየ፣ ለንሳን አየ፣ ደግሞ ልጅቷን አየ።

«ለንሳንም ይዘሃት ሄደህ ነበር እንዴ፣ ዶክተር?»