የእማማ ተራ

በምክክሩ ክበብ የክር ኳሱ የደረሰው ሰው ይናገር ነበር። በዓይነ ስውሯ እማማ ተራ ግን ሁልጊዜ "ምስኪን ናቸው" እያለች የምትናገርላቸው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዋ ነበረች።

"ልጄ፣ የታወረው ዓይኔ እንጂ ምላሴ አይደለም። ወርውሪልኝ!" አሏት አንድ ቀን እማማ።

ባለሙያዋ የክሩን ጫፍ ይዛ ኳሱን ወረወረችላቸው። ክሩ ጭናቸው ላይ ቀረ፤ ኳሱ ግን ተንከባሎ ሄደ። ልታነሳላቸው ብድግ ስትል ጮኹባት።

"ተቀመጪ እባክሽ! ክሩ ላላብኝ እኮ!"

ተቀምጣ ክሩን ወጠረችው። እማማ ተንበርክከው ክሩን በጣቶቻቸው እየተከተሉ እስከ ግድግዳው ሄዱ። ኳሱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሳቁ።

"ዓይኔ ሳይጠፋ የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ" አሉ።

ባለሙያዋ ክው አለች። ያን ያህል ጊዜ አፈ ቀላጤያቸው ሆና ስታወራ፣ አንድም ቀን ጠይቃቸው አታውቅም ነበር።